ለአራት ሰው ቡድን የሸራ ጀልባ ውድድር፦ ከዋዜማው ምሽት እስከ ሸራ ማጠፍ

ጀማሪ ቡድኖች ውድድሩን የሚያጡት አብዛኛውን ጊዜ ገና የመነሻው ጡሩምባ ሳይነፋ ነው። ሦስት ሰው አንድ ገመድ ላይ ይረባረባል፤ ሌላውን ገመድ የያዘው የለም። ሰዓት ማንም አላስነሳም። ስፒናከር የሚባለው ትልቅ ሸራ ተጠማዞ ከረጢት ውስጥ ተወትፏል። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ብቻ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ሊያልቅ የሚችለውን ሁሉ መሬት ላይ ጨርሱ። ውሃ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይዘዝ።

ይህ መመሪያ ከ7 እስከ 10 ሜትር ለሚረዝም፣ ሞተር ላለው ጀልባና ለአራት ሰው የታሰበ ነው። ሦስት ከሆናችሁም ይሠራል፤ የሚቀነሰውን ቦታው ላይ እነግራችኋለሁ።

ቃላቱን እንስማማባቸው

ነፋሱ የሚመጣበት ጎን የነፋስ ወገን፣ ተቃራኒው የጥላ ወገን ነው። የጀልባውን አፍንጫ በነፋሱ ፊት አሳልፎ መዞር ታክ ይባላል። ኋላውን በነፋስ በኩል አሳልፎ መዞር ደግሞ ጃይብ ነው። ቡም ማለት ከዋናው ሸራ ግርጌ ያለው አግድም ዘንግ ነው፤ በጃይብ ጊዜ ጭንቅላት የሚመታው እሱ ነው። ስፒናከር ከነፋስ ጋር ስትሄዱ ከፊት የሚወጣው ትልቁና ቀጭኑ ሸራ ነው።

ደረጃ 1፦ ዋዜማው ምሽት

የውድድር መመሪያውን አንብቡ

አዘጋጆቹ የሚሰጡትን ወረቀት ሁሉም ሰው ያንብብ እላለሁ፤ ግን እንደማያነብ አውቃለሁ። ቢያንስ አንድ ሰው ያንብብና የሚከተሉትን በትልቁ ጽፎ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ይለጥፍ፦

1. የእናንተ ምድብ ባንዲራ የቱ ነው? የመነሻ ሰዓታችሁስ?
2. ዳኞቹ በየትኛው የሬዲዮ ቻናል ይናገራሉ? ቻናል 16 ለአደጋ ጥሪ ነው፤ ለወሬ አትንኩት።
3. ምልክቶቹ (ውሃ ላይ የውድድሩን መንገድ የሚያሳዩት ተንሳፋፊዎች) በምን ቅደም ተከተል ይዞራሉ? በየትኛው ጎናችሁስ ይቀራሉ?
4. የመነሻ መስመሩና የመጨረሻው መስመር አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ?
5. ለጥፋት የተለመደው ቅጣት ተለውጧል ወይ?
6. የጊዜ ገደቡና የአቤቱታ ሰዓቱ ስንት ነው?

ሦስተኛውን በተለይ ሁለት ሰው ይያዘው። ምልክትን በተሳሳተ ጎን ዞሮ አንደኛ መውጣት ዋጋ የለውም።

የአየር ሁኔታውን ወደ ውሳኔ ቀይሩት

የነፋስ ፍጥነት በኖት ይነገራል፤ 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩን አይቶ ማለፍ አይበቃም፤ ምን እንደምታደርጉ ዛሬ ማታ ወስኑ። ለአዲስ ቡድን የምመክረው ይህን ነው፦

- ከ6 ኖት በታች፦ ትልቁን የፊት ሸራ ያዙ። ትዕግሥትና ብዙ ውሃ ያስፈልጋችኋል።
- ከ6 እስከ 12፦ ለመማር የተሻለ ቀን አይገኝም። ስፒናከር አውጡ።
- ከ13 እስከ 18፦ ነጭ አረፋ የሚጥሉ ማዕበሎች በየቦታው ታያላችሁ። ስፒናከሩን የምታወጡት ከዚህ በፊት አብራችሁ አውጥታችሁ ካወረዳችሁ ብቻ ነው።
- ከ20 በላይ፦ ከማሰሪያው ሳትወጡ ዋናውን ሸራ አሳጥሩ። ስፒናከር አይነካም።
- ከ25 በላይ፦ ቤት ቆዩ።

ዳኞቹ ውድድሩን አልሰረዙም ማለት ለእናንተ ይሆናል ማለት አይደለም። በዓለም አቀፉ የውድድር ደንብ መሠረት የመውጣትም ሆነ የመቀጠል ውሳኔ የጀልባው የራሱ ኃላፊነት ነው።

ደረጃ 2፦ ማን ምን ይይዛል

ይህን ጠዋት ጀልባው ላይ አትከራከሩበት። ማታውኑ በስልክ ጨርሱት።

መሪ ያዥ፦ ጀልባውን ይነዳል። ገመድ አይነካም። አብዛኛው መሪ ያዥ እጁን ሳያስገባ መቀመጥ አይችልም፤ ግን ወደ ኋላ ዞሮ ገመድ ሲያስተካክል ጀልባው ይቅበዘበዛል።

ዋና ሸራ ያዥ፦ ዋናውን ሸራ ያላላል፣ ይስባል። ዙሪያውን አይቶ ሌሎች ጀልባዎችን የሚናገረውም እሱ ነው።

ፊት ሸራ ያዥ፦ የፊት ሸራውን፣ ኋላም የስፒናከሩን ገመድ ይቆጣጠራል። ዓይኑ ከሸራው አይነቀልም።

ግንባር ሰው፦ ከምሰሶው ፊት ያለው ሥራ ሁሉ የእሱ ነው። በታክ ጊዜ አዲሱን ገመድ ይስባል። በመነሻ ጊዜ ሰዓት የሚቆጥረውም እሱ ቢሆን ጥሩ ነው።

ሦስት ከሆናችሁ ግንባር ሰውና ፊት ሸራ ያዥ አንድ ይሆናሉ፤ ስፒናከሩም ቤት ይቀራል። በሦስት ሰው ማውጣት ይቻላል፤ ማውረዱ ነው ጣጣው።

ትእዛዝ የሚሰጠው መሪ ያዡ ብቻ ነው። ሌላው ሰው መረጃ ይሰጣል፦ "ከግራ ጀልባ እየመጣ ነው፣ በኋላችን ያልፋል" አይነት። "ዙር! ዙር!" ብሎ መጮህ የለም። አንድ ልዩነት አለ፦ ግጭት ወይም የሰው አደጋ ያየ ማንም ይጩህ።

ደረጃ 3፦ ከመውጣታችሁ በፊት

ከመነሻው 2 ሰዓት ተኩል ቀደም ብላችሁ ጀልባው ላይ ተገኙ። ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩት።

1. የማያስፈልገውን ክብደት አውርዱ፤ ትርፍ መልሕቅ፣ ወንበር፣ የመጠጥ ሣጥን፣ አምና የተረሳ ዕቃ ሁሉ። የደህንነት ዕቃና ደንቡ የሚያዘው መልሕቅ ግን አይነካም።
2. ጀልባው ሆድ ውስጥ የገባ ውሃ ካለ አውጡ። ትንሽ የሚመስል ውሃ ጀልባው ሲያዘነብል ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባል።
3. ሞተሩን አስነሱ፤ ማቀዝቀዣ ውሃው መውጣቱን እዩ። ነዳጁን ፈትሹ። ሞተሩ ማሰሪያው ላይ ካስቸገረ ውሃ ላይ አይሻለውም።
4. እያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬቱን ይልበስና በልኩ ያጥብቅ። የሚነፋ ዓይነት ከሆነ የጋዝ ቆርቆሮው መጥበቁን በእጅ አረጋግጡ። ቢጫና ቀይ ሰያፍ መስመር ያለው ባንዲራ በዳኞቹ ጀልባ ላይ ከተሰቀለ መልበስ ግዴታ ነው። እኔ ግን ባንዲራ አልጠብቅም።
5. ገመዶቹን አንድ በአንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ተከተሉ። በዓይን ብቻ አይበቃም። የፊት ሸራ ገመዶች ሸራው ላይ በቦውላይን (የማይንሸራተት ቀለበት በሚሠራ) ቋጠሮ ይታሰሩ፤ ሌላኛው ጫፋቸው ሾልኮ እንዳያመልጥ በስምንት ቁጥር ቋጠሮ ይዘጋ።
6. የስፒናከር ገመዶች ጫፍ ላይ ግን ቋጠሮ አትሥሩ። ነገር ሲበላሽ ሙሉ በሙሉ ሾልከው እንዲወጡ ትፈልጋላችሁ።
7. ሹል የሆነ ሽቦና ፒን ሁሉ በፕላስተር ይሸፈን። ስፒናከር የሚቀደደው እዚያ ላይ ነው።
8. ቢላዋ ቡሙ አጠገብ፣ ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ።

ስፒናከሩን ማጠፍ

ቸኩላችሁ የምትወትፉት ከሆነ ጭራሽ አታውጡት። ደረቅ ወለል ላይ ወይም ጀልባው ውስጥ ዘርጉት።

1. የላይኛውን ጥግ ፈልጉ። አንድ ሰው ይያዘው።
2. ከዚያ ጥግ ጀምራችሁ አንዱን ጠርዝ በእጃችሁ እየተከተላችሁ እስከ ታችኛው ጥግ ውረዱ። ጠርዙ አንድም ቦታ መጠማዘዝ የለበትም።
3. ተመልሳችሁ ሁለተኛውን ጠርዝ እንዲሁ አድርጉ።
4. መሃሉን ከረጢቱ ውስጥ ክተቱ። ሦስቱ ጥጎች ከላይ፣ ለየብቻ ይቅሩ።
5. ከረጢቱን ጀልባው ላይ እሰሩት። ያልታሰረ ከረጢት ከሸራው ጋር አየር ላይ ይወጣል።

ገመዶቹን ስታገናኙ ሁሉም ነገር ከጀልባው አጥርና ከምሰሶ ሽቦዎቹ ውጪ መዞሩን እዩ። ከውስጥ ያለፈ አንድ ገመድ ሸራው ግማሽ ላይ ሳለ ያግደዋል።

ደረጃ 4፦ ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ

ይህን ከማሰሪያው ሳትወጡ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

1. ያየው ሰው "ሰው ወደቀ!" ብሎ ይጮሃል፤ በጣቱም ይጠቁማል። ከዚህ በኋላ የእሱ ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ ዓይኑን ከወደቀው ሰው አያነሳም።
2. ቅርብ ያለው ሰው ተንሳፋፊውን ወዲያውኑ ይወረውራል።
3. መሪ ያዡ ጀልባውን ወደ ነፋስ አዙሮ ያቆማል። ስፒናከር ካለ ይወርዳል።
4. ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ ገመድ መኖሩን ዞራችሁ እዩ። በማራገቢያው ላይ የተጠመጠመ ገመድ ሁለተኛ አደጋ ይሆናል።
5. ከጥላ ወገኑ ቀስ ብላችሁ ቅረቡ። ሰውየው ጎናችሁ ሲደርስ ሞተሩ ከማርሽ ይውጣ።
6. መጀመሪያ በገመድ ከጀልባው ጋር እሰሩት፤ ከዚያ አውጡት። ከደከመ የሸራ ማንሻውን ገመድና ዊንቹን (ገመድ የሚጠመጠምበትን፣ በእጀታ የሚዞረውን መጎተቻ) ተጠቀሙ።

በዚህ ጊዜ ሞተር መጠቀም ደንቡ ይፈቅዳል። በአደጋ ላይ ያለ ሌላ ጀልባ ወይም ሰው ካያችሁም መርዳት ግዴታችሁ ነው፤ ውድድሩ ይቆይ።

ደረጃ 5፦ ከመነሻው አንድ ሰዓት በፊት ውሃ ላይ

ሸራ አውጡና አምስት ታክ፣ ሁለት ጃይብ ሥሩ። ስፒናከር ልታወጡ ካሰባችሁ አንድ ጊዜ አውጥታችሁ አውርዱት፤ ከዚያ እንደገና በደንብ እጠፉት። ይህ ካልሆነላችሁ ውድድሩ ላይ አይሆንላችሁም።

ቀጥሎ በዳኞቹ ጀልባ ኋላ አልፋችሁ ቁጥራችሁን አስመዝግቡ፤ መመሪያው ባያዝም ልማድ አድርጉት። ከዚያ ሁለት መረጃ ሰብስቡ።

የትኛው ጫፍ ይሻላል? የመነሻ መስመሩ በአንድ ጫፍ በዳኞቹ ጀልባ፣ በሌላው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ በተንሳፋፊ ምልክት መካከል ያለ ሐሳባዊ መስመር ነው። መስመሩ መሃል ላይ ሂዱና ጀልባውን አፍንጫው ወደ ነፋሱ ቀጥ እንዲል አቁሙት። አፍንጫው ያዘነበለበት ጫፍ ወደ ነፋሱ የቀረበው ነው። ከዚያ የተነሳ ጀልባ አጭር መንገድ ይጓዛል። ነፋስ ስለሚለዋወጥ አሥር ደቂቃ ሲቀር ደግማችሁ ለኩ።

መስመሩ የት ነው? ከመስመሩ ውጪ፣ በአንዱ ጫፍ በኩል ሆናችሁ ሁለቱን ጫፎች አስተካክላችሁ እዩ፤ ከበስተጀርባ መሬት ላይ የሚታይ አንድ ነገር፣ ዛፍ ወይም ቤት፣ ያዙ። መሃል መስመር ላይ ሆናችሁ ምልክቱና ያ ዛፍ ሲገጥሙ መስመሩ ላይ ናችሁ። ይህን የማያደርግ ቡድን እየፈራ ሁለት ሦስት ጀልባ ርዝመት ወደ ኋላ ይቀራል።

ደረጃ 6፦ አምስቱ ደቂቃዎች

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የሚበላሸው እዚህ ነው።

የተለመደው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

- 5 ደቂቃ፦ የምድባችሁ ባንዲራ ይወጣል፣ አንድ ድምፅ ይሰማል። ሰዓት አስነሱ።
- 4 ደቂቃ፦ የዝግጅት ባንዲራ ይወጣል፣ አንድ ድምፅ። ከዚህ ጀምሮ ውድድር ላይ ናችሁ፤ ሞተር ጠፍቶ መሆን አለበት።
- 1 ደቂቃ፦ የዝግጅቱ ባንዲራ ይወርዳል፣ አንድ ረዥም ድምፅ።
- 0፦ የምድቡ ባንዲራ ይወርዳል፣ አንድ ድምፅ። ሂዱ።

ሰዓት ቆጣሪው ዓይኑ ባንዲራው ላይ ይሁን፤ የሚቆጠረው ባንዲራው ነው። ድምፅ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጡሩምባውም አንዳንዴ እምቢ ይላል። 5 ደቂቃው ካመለጣችሁ አትደናገጡ፤ በ4 ደቂቃው አስተካክሉ።

የዝግጅቱ ባንዲራ የቱ እንደሆነ ልብ በሉ። ሰማያዊ ሆኖ መሃሉ ነጭ አራት ማዕዘን ከሆነ ተራ መነሻ ነው፤ ቀድማችሁ ካለፋችሁ ትመለሳላችሁ። ቢጫ ሆኖ መሃሉ ጥቁር ክብ ካለው፣ በመጨረሻው ደቂቃ መስመሩን ያለፈ ጀልባ በአንዱ ጫፍ ዞሮ መመለስ አለበት። ሙሉ ጥቁር ከሆነ ደግሞ በመጨረሻው ደቂቃ ቀድሞ የታየ ከዚያ ውድድር ይሰረዛል። ያን ቀን ከመስመሩ ራቁ።

ደቂቃ በደቂቃ

5 እስከ 4፦ ከመስመሩ አጠገብ ቆዩ። ነፋሱን ለመጨረሻ ጊዜ ለኩ። የትኛውን ጫፍ እንደምትይዙ መሪ ያዡ ጮክ ብሎ ይናገር።

4 እስከ 2፦ ከምትነሱበት ቦታ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ግን ከአንድ ደቂቃ መንገድ በላይ አትራቁ። ነፋስ ሲሞት ሩቅ የቀሩ ቡድኖች መስመሩ ላይ የሚደርሱት ሌላው ከሄደ በኋላ ነው።

2 እስከ 1፦ ተመለሱ። ነፋሱ በቀኝ ጎናችሁ ይሁን። ቆጣሪው በየ15 ሰከንዱ ይጥራ፤ የመጨረሻዋን ደቂቃ በየ10፣ የመጨረሻዎቹን 10 ሰከንዶች አንድ በአንድ።

1 እስከ 0፦ ሸራ በማላላት ፍጥነታችሁን ቀንሱ፤ ከበታቻችሁ፣ በጥላ ወገኑ በኩል ባዶ ቦታ ጠብቁ። 15 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ሁለቱንም ሸራ ሳቡና ፍጥነት ያዙ። መስመሩን በሙሉ ፍጥነት ከሁለት ሰከንድ በኋላ ማለፍ፣ በሰዓቱ ቆሞ ከመገኘት በእጅጉ ይሻላል።

አዲስ ቡድን ከሆናችሁ ከሕዝቡ ራቁ። ከተመረጠው ጫፍ ትንሽ ወደ መሃል ተነሱ፤ ንጹሕ ነፋስ ይበቃችኋል።

ሲበላሽ

በዳኞቹ ጀልባና በሌላ ጀልባ መካከል ልትገቡ ነው፦ አትግቡ። ከበታቻችሁ ያለው ጀልባ መነሻ ላይ ቦታ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ሸራ አላልታችሁ ከኋላው እለፉ።

ቀድማችሁ አለፋችሁ፦ ነጭ ሆኖ ሰማያዊ መስቀል ያለው ባንዲራ በአንድ ድምፅ ከወጣና እናንተ ከሆናችሁ ተመለሱ። ስትመለሱ ለሌላው ሁሉ መንገድ ስጡ። "እኛ አይደለንም" ብሎ መቀጠል የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያልተመለሰ ጀልባ በተለመደው አቆጣጠር ከተመዝጋቢዎቹ ብዛት በአንድ የሚበልጥ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥብ ሲያንስ ነው የሚሻለው፤ ስለዚህ መጨረሻ መውጣት እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

ሁለት ድምፅ ሰማችሁ፦ ባንዲራውን እዩ። ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ቢጫ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ሁሉም ይመለሳል። እሱ በአንድ ድምፅ ከወረደ ከ1 ደቂቃ በኋላ የ5 ደቂቃው ምልክት ይሰጣል። ከመነሻው በፊት ቀይና ነጭ ቁም መስመር ያለው ባንዲራ ከወጣ ደግሞ መነሻው ለሌላ ሰዓት ተላልፏል።

ደረጃ 7፦ ወደ ነፋሱ መውጣት

ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋስ አይሄድም። አብዛኛው ጀልባ ከነፋሱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ፣ በታክ እየተመላለሰ ይወጣል።

የፊት ሸራው ላይ የተለጠፉትን የክር ጅራቶች እዩ። የነፋስ ወገኑ ክር ከተንቀጠቀጠ ወደ ነፋሱ በጣም ተጠግታችኋል፤ ትንሽ ራቁ። የጥላ ወገኑ ክር ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ብዙ ርቃችኋል፤ ተጠጉ። ሁለቱም ቀጥ ብለው ሲፈሱ አትነካኩት።

ነፋስ ሲበረታ ሰው ሁሉ የነፋስ ወገኑ ላይ ይቀመጥ። ጀልባው ከመጠን በላይ ካጋደለ መጀመሪያ ዋናው ሸራ ይላላ። ነፋስ ሲደክም በተቃራኒው፣ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ጥላ ወገን ይሂድ፤ ማንም አይንጎራደድ።

ታክ እንዲህ ይሠራል

1. መሪ ያዡ "ለታክ ተዘጋጁ!" ይላል። ግንባር ሰው አዲሱን ገመድ ዊንቹ ላይ አንድ ወይም ሁለት ዙር በሰዓት አቅጣጫ ይጠመጥማል።
2. ግንባር ሰውና ፊት ሸራ ያዡ "ዝግጁ!" ይላሉ። ካላሉ ታክ የለም።
3. "እዞራለሁ!" ይላል መሪ ያዡ፤ ሳይቸኩል ይዞራል።
4. የፊት ሸራው መርገብገብ ሲጀምር ፊት ሸራ ያዡ አሮጌውን ገመድ ሙሉ በሙሉ ይለቃል። ቀድሞ መልቀቅ ጀልባውን ያቆማል፤ ዘግይቶ መልቀቅ ወደ ኋላ ይገፋዋል።
5. ግንባር ሰው አዲሱን በፍጥነት ይስባል፣ ሲከብድ ዙር ይጨምራል፤ የመጨረሻውን በእጀታው ያጠብቃል።

ጣት ከዊንቹ ይራቅ። ገመዱን በመዳፍ እንጂ በአውራ ጣት ጠምዝዛችሁ አትያዙ።

ጀልባው ነፋስ ፊት ቆሞ ከቀረ፦ መሪውን ማወዛወዝ ተዉ። የፊት ሸራውን በእጅ ወደ አንድ ጎን ዘርግታችሁ ያዙት። አፍንጫው ወደ ሌላኛው ጎን ይገፋል። ነፋሱ በጎን ሲመጣ ልቀቁትና በትክክለኛው ወገን ሳቡ።

ዊንች ላይ ገመድ ገመድን ከቆለፈ፦ ጣት አታስገቡ። መሪ ያዡ ለአፍታ ወደ ነፋስ ይጠጋ፤ ሸራው ሲረግብ ሊፈታ ይችላል። ካልሆነ ሌላ ገመድ ከዊንቹ ፊት ባለው ላይ አስራችሁ ጭነቱን በሌላ ዊንች ውሰዱና ፍቱት።

ቅድሚያ የማን ነው?

አራቱን በቃል ያዙ። ነፋሱን በግራ ጎኑ የሚቀበል ጀልባ በቀኝ ለሚቀበለው መንገድ ይሰጣል። ሁለቱም በአንድ ጎን ከተቀበሉና ጎን ለጎን ከሆኑ፣ የነፋስ ወገን ያለው ለጥላ ወገኑ ይሰጣል። ከኋላ ያለ ከፊት ላለው ይሰጣል። ታክ ላይ ያለ ለሌሎች ይሰጣል። ከእነዚህ በላይ ደግሞ ቅድሚያ ያለውም ቢሆን ግጭትን ማስወገድ አለበት።

ነፋሱን በቀኝ ተቀብላችሁ ቅድሚያ ካላችሁ "ስታርቦርድ!" (ቀኝ ጎን) ብላችሁ ቀድማችሁ ጩኹ። ቅድሚያ ከሌላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ወስኑ፤ ወይ ታክ፣ ወይ ዋናውን ሸራ አላልቶ ከኋላው ማለፍ። ዋናው ሸራ ሳይላላ መሪ ብቻ ማጠፍ ነፋስ ሲበረታ አይሠራም፤ ጀልባው እምቢ ይላል።

ጥፋት ከሠራችሁ የተለመደው ቅጣት፣ ከሌሎች ራቅ ብሎ ወዲያውኑ ሁለት ሙሉ ዙር መዞር ነው፤ እያንዳንዱ ዙር አንድ ታክና አንድ ጃይብ ይኖረዋል። ከባድ ጉዳት ካደረሳችሁ ግን ዙር አይበቃም፣ ከውድድሩ ትወጣላችሁ።

ደረጃ 8፦ ምልክቱን መዞር

በምልክቱ ዙሪያ ሦስት የጀልባ ርዝመት ያህል ክልል አለ። ክልሉ ውስጥ ሲገባ ከውስጥ በኩል (በምልክቱ ወገን) ጎን ለጎን ተደርቦ የነበረ ጀልባ ብዙውን ጊዜ ቦታ ይሰጠዋል። እዚያ ደርሳችሁ አትከራከሩ፤ አምስት ርዝመት ሲቀር "ውስጥ ነህ" ወይም "ውስጥ አይደለህም" ተባባሉ።

ሰፋ አድርጋችሁ ግቡ፣ ጠበብ አድርጋችሁ ውጡ። ምልክቱን ከነካችሁ ቅጣቱ አንድ ዙር ነው፤ ሳታመነቱ ክፈሉት።

ደረጃ 9፦ ስፒናከር

ማውጣት

1. ግንባር ሰው ሦስቱን ጥጎች ለመጨረሻ ጊዜ ያያል። ስፒናከሩ በራሱ ዘንግ የሚዘረጋ ዓይነት ከሆነ ዘንጉን ያስገባል።
2. መሪ ያዡ ምልክቱን ዞሮ ከነፋስ ጋር ይወርዳል። ዋናው ሸራ ይላላ።
3. "አውጣ!" ሲባል ዋና ሸራ ያዡ ማንሻውን ሳያቋርጥ ይስባል። ግማሽ ላይ ማቆም የለም።
4. ጫፉ ሲደርስ ግንባር ሰው "ደርሷል!" ይላል። ከዚህ በፊት ፊት ሸራ ያዡ ገመዱን አይስብ፤ ሸራው ቀድሞ ከሞላ ማንሳት አይቻልም።
5. ሸራው ሲሞላ የፊት ሸራው ይውረድ።

የፊት ሸራውን ቀድማችሁ አታውርዱ። ስፒናከሩ ከሱ ጥላ ሥር ሲወጣ ነው ጸጥ የሚለው፤ በሽቦው ላይ እንዳይጠመጠምም ይከላከላል።

ጃይብ ስትሠሩ ዋናውን ሸራ መጀመሪያ ወደ መሃል ሰብስቡ፣ "ቡም!" ብላችሁ ጩኹ፣ ከዚያ አሳልፉ።

ሲበላሽ

ተጠምዞ መሃሉ ከታነቀ፦ ከነፋሱ ጋር ቀጥ ብላችሁ ውረዱ፣ ገመዱን ጎተት ለቀቅ አድርጉ። ካልተፈታ ማንሻውን ሁለት ሜትር አውርዳችሁ እንደገና ሳቡ።

ጀልባው በጎኑ ከተኛ፦ የስፒናከሩን ገመድ ልቀቁ። ዋናውን ሸራ አላሉ። ቡሙን ወደ ታች የሚስበውንም ገመድ ልቀቁ። ሁሉም ከፍ ያለው ጎን ላይ ይያዝ። ጀልባው ራሱ ይነሳል፤ በዚያ ሰዓት ስፒናከር ለማውረድ ወደ ፊት የሚሮጥ ሰው አይኑር።

ማውረድ

ከሚመስላችሁ ቀደም አድርጉ። መጠነኛ ነፋስ ላይ አዲስ ቡድን ከምልክቱ አሥር የጀልባ ርዝመት በፊት ቢጀምር አይበዛም።

1. የፊት ሸራው ይውጣ።
2. ግንባር ሰው በጥላ ወገኑ፣ ከፊት ሸራው ሥር ሆኖ የስፒናከሩን ታችኛ ጥግ ይያዝ።
3. በነፋስ ወገን ያለው ጥግ ገመድ ይለቀቅ፤ ሸራው እንደ ባንዲራ ይውለበለባል።
4. ማንሻው መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ ግንባር ሰው በሚሰበስብበት ልክ ይለቀቅ።

ውሃ ውስጥ ከገባ ጀልባውን ወደ ነፋስ አዙራችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ሌሎቹን ገመዶች ለቃችሁ ሸራውን ከአንድ ጥግ ብቻ ጎትቱ። ከሁለት ጥግ ከሳባችሁት ውሃ ይሞላና አትችሉትም።

ደረጃ 10፦ መጨረሻው መስመር

እንደ መነሻው ሁሉ አንዱ ጫፍ ሊቀርብ ይችላል፤ ወደሚቀርበው ሂዱ። የጀልባው አካል ማንኛውም ክፍል መስመሩን ሲነካ ጨርሳችኋል። ሰዓቱን ጻፉ፤ ከፊትና ከኋላ የጨረሱትን ጀልባዎች የሸራ ቁጥርም ጻፉ። በውጤቱ ላይ ጥያቄ ሲነሳ የሚያግዛችሁ ይህ ነው።

ውጤቱ ለጀልባ ዓይነት በሚሰጥ ማስተካከያ የሚሰላ ከሆነ ብቻችሁን ኋላ ብትቀሩም አትዘናጉ። ከፊታችሁ ያለው ፈጣን ጀልባ በተስተካከለው ሰዓት ከናንተ በታች ሊወጣ ይችላል።

ነጭ ሆኖ መሃሉ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ያለው ባንዲራ በሁለት ድምፅ ካያችሁ መንገዱ አጥሯል፤ እዚያው ትጨርሳላችሁ። ሰማያዊና ነጭ ዳማ ባንዲራ ከሦስት ድምፅ ጋር ከሆነ ውድድሩ ተቋርጧል።

አቋርጣችሁ ከወጣችሁ ለዳኞቹ ወዲያውኑ ንገሩ። ሳይናገሩ ወደ ቤት መሄድ ሰው ውሃ ላይ እንዲፈልጋችሁ ማድረግ ነው።

ደረጃ 11፦ ከጨረሳችሁ በኋላ

አቤቱታ ካላችሁ ሥራው የሚጀምረው ውሃ ላይ ነው። ነገሩ እንደተፈጠረ "ፕሮቴስት!" ብላችሁ መጮህ አለባችሁ፤ ጀልባችሁ 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ባንዲራም ትሰቅላላችሁ። ስለዚህ ቀዩን ባንዲራ ጠዋት ከኋላ ሽቦው ላይ ጠምጥማችሁ እሰሩት። መመሪያው ሌላ ካላለ ማመልከቻውን ለማስገባት የመጨረሻው ጀልባ ከጨረሰ በኋላ 2 ሰዓት አላችሁ።

ከዚያ ዕቃው ላይ ውረዱ፦

1. ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ገመዶች ሁሉ ጀልባው ላይ መሆናቸውን እዩ።
2. ጨዋማ ውሃ ላይ ከነበራችሁ ዊንቹን፣ ገመዱንና ሸራውን በንጹሕ ውሃ እጠቡ።
3. ሸራ እርጥብ እያለ አትጠፉት። ጥላ ቦታ አድርቁት፤ ነፋስ ላይ ሰቅላችሁ እንዲገረፍ አትተዉት፤ ጨርቁ ይደክማል።
4. የተቀደደ፣ የላላ፣ የጎደለ ነገር ሁሉ አሁኑኑ ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ፊት የሚጠግነው ሰው ስም ይኑር።
5. እያንዳንዱ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሚለወጥ አንድ ነገር ብቻ ይናገር። መሪ ያዡ መጨረሻ ላይ ይናገር፤ ቀድሞ ከተናገረ ሌሎቹ ዝም ይላሉ።